ወረቀቱን አላገላበጥኩትም፤ ይህን የሕግ ትምህርት ቤት ማስተማር ነበረበት?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ሕግ ተምሬ ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። አሁን ከአንድ አንጋፋ ጠበቃ ሥር ሆኜ ሥራ እየለመድኩ ነው። ሰሞኑን የገጠመኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ሐሳባችሁን ልጠይቅ ብዬ ነው። የባለጉዳዩ ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

አንድ ትልቅ ሰው ቢሮ መጡ። ለዘመዳቸው ገንዘብ አበድረው ሳይመለስላቸው ዓመታት አልፈዋል። አንጋፋው ችሎት ስለነበሩ እኔ ተቀበልኳቸው። ገና ቁጭ ከማለታቸው "ውል አለዎት?" አልኳቸው። ከደረት ኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። አራት ላይ የታጠፈ ነው፤ እጥፋቱ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ተቀብዬ አነበብኩት። የመክፈያውን ቀን አየሁ፤ በልቤ ቆጠርኩ። ይርጋ! ወዲያው "አባባ፣ ይሄ ጉዳይ ጊዜው አልፎበታል፤ በይርጋ ቀሪ ሳይሆን አይቀርም" አልኳቸው።

ምንም አላሉም። አንገታቸውን ደፉ። እኔም ወረቀቱን ኮፒ አድርጌ ዋናውን መለስኩላቸውና ሸኘኋቸው። በሰዓቱ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ አንጋፋው ኮፒውን ካዩ በኋላ "ጀርባውስ?" አሉኝ።

"የምኑ ጀርባ?"

"የወረቀቱ ነዋ።"

በነጋታው ሰውየውን መልሰን ጠራናቸው። ከወረቀቱ ጀርባ በእስክሪብቶ ሦስት መስመር ተጽፏል። ተበዳሪው ዕዳው እንዳለበት አምኖ፣ ቀን ጽፎ ፈርሟል። ከዋናው ውል ብዙ ዘግይቶ የተጻፈ ነው።

ዕዳን በጽሑፍ ማመን ይርጋን እንደሚያቋርጥና ቆጠራው እንደ አዲስ እንደሚጀምር ተምሬያለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ኤ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው። ግን እዚያ ፈተና ላይ "ተበዳሪው ከጊዜ በኋላ ዕዳውን በጽሑፍ አመነ" ተብሎ ፍሬ ነገሩ ተጽፎ ነው የተሰጠኝ። እኔ ያወቅኩት ሕጉን ነው። ፍሬ ነገሩን ማን እንደሚያመጣው አላሰብኩበትም። በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ፍሬ ነገር ተዘጋጅቶ፣ ታጥቦና ተተኩሶ ነው የሚቀርብልን።

ከዚያ ወዲህ እያሰብኩ ያለሁት እኚያ ሰው አንጋፋው ባይጠይቁ ኖሮ ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱትን መልስ ነው። መልሱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ ሊያዘጋጀን ይችላል? ወይስ ይሄ ነገር ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚለመድ ነው? አሁንስ እኔ ከምን ልጀምር? በሥራው የቆያችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

አስራ አራት ዓመት በጥብቅና

እህቴ፣ በመጀመሪያ ደረጃ እኚያ ሰው ተመልሰው ተጠርተዋል። ይህን አትርሺ። ክትትል ያለበት ቢሮ ውስጥ ስለሆንሽ ስህተትሽ ሳይርቅ ተያዘ። ክትትል በሌለበት ብቻቸውን የጀመሩ ስንት ልጆች አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ብዙ ሰው "ትምህርት ቤት ምንም አላስተማረንም" ሲል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ክስ ማመልከቻ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው፣ ሬጅስትራር ጋ ምን ተያይዞ እንደሚቀርብ፣ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ በሦስት ወር ትለምጂዋለሽ። ይህን ለማስተማር ዓመታት ማጥፋት አያስፈልግም። ማንም ያላየው ዓይነት ጉዳይ ጠረጴዛሽ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያድንሽ ከመጽሐፍ ጋር ስትታገዪ ያዳበርሽው ጭንቅላት ነው። እኔን ከአንድም ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

ችግሩን አንቺው ራስሽ አግኝተሽዋል። ትምህርት ቤት ከጭብጥ ይጀምራል። ቢሮ ውስጥ ከሰው ነው የሚጀመረው። ሰው ደግሞ ጭብጡን ይዞልሽ አይመጣም። የሚይዘው ንዴቱን፣ እፍረቱን፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ነው።

እኔ ከእኔ ጋር ለሚሠሩ ጀማሪዎች የማሳየውን ልንገርሽ። ባለጉዳይ ሲገባ እስክሪብቶ አላነሳም። "እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" እልና ዝም እላለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል። ዝምታው ይከብዳል። በተለይ መልሱን ያወቅሽ ሲመስልሽ አፍሽ ውስጥ ይበላሻል፤ ቢሆንም ዋጥ አድርጊው። አንቺ "ውል አለዎት?" ብለሽ ስትጀምሪ ሰውየው የሚነግሩሽ ስለ ውል ብቻ ነው። ብትተዪያቸው ኖሮ ምናልባት "ኋላማ ልጁ ራሱ መጥቶ ፈረመልኝ" ይሉሽ ነበር። እሳቸው ያ ፊርማ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አያውቁም። ለእሳቸው ሽምግልና የሄዱበት ቀን ትዝታ ነው።

ሁለተኛ ዙር ላይ ነው የምጽፈው። በቀን ቅደም ተከተል፦ መቼ ምን ሆነ፣ ማን ነበረ፣ ከዚያስ? ቀኖቹ መካከል ክፍተት ሳይ እዚያ ላይ እቆማለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልተደረገም ማለት ብዙውን ጊዜ አንድ ያልተነገረኝ ነገር አለ ማለት ነው።

ወረቀት ላይ ስደርስ አንድ በአንድ አነሳለሁ። ፊቱን፣ ጀርባውን። ዋናው ነው ኮፒ? ማን ነው የጻፈው? ምስክር ሆነው የፈረሙት በሕይወት አሉ? ወረቀቱ እስከ ዛሬ የት ተቀመጠ? ሌላ ሰው ጋ ኮፒ አለ? ኮፒ ሳደርግም ባዶ ጀርባ ቢሆን እንኳ አብሬ ኮፒ አደርጋለሁ። ባዶ መሆኑም መረጃ ነው።

ከዚያ በኋላ የማልዘለው አንድ ጥያቄ አለ። "ባላጋራዎ አሁን እዚህ ቢቀመጥ ምን ይለኛል?" እላቸዋለሁ። አብዛኛው ሰው የሚያስከፋውን ፍሬ ነገር ለጠበቃው አይነግርም፤ ጠበቃው ጉዳዩን እንዳይተወው ይፈራል። በዚህ ጥያቄ ግን በባላጋራው አፍ ይነግረኛል። ይህን ሳልጠይቅ የቀረሁበት አንድ መዝገብ ነበረኝ። የመከላከያ መልሱ ሲደርሰኝ ሁለተኛው አባሪ ላይ የደንበኛዬን ፊርማ አየሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴን ይለበልበኛል።

በመጨረሻም "ምን ቢሆንልዎ ነው ደስ የሚልዎት?" ብለሽ ጠይቂ። አንዲት እናት ከወንድማቸው ጋር በንብረት ተጣልተው መጡ። እኔ ክፍፍሉን በልቤ ጨርሼዋለሁ። ስጠይቃቸው ግን የፈለጉት የእናታቸውን ፎቶዎችና አንድ ሳጥን ነበር። በአንድ ደብዳቤ አለቀ። የሕግ ትምህርት ቤት መልመጃ ላይ ይሄ መልስ ዜሮ ያሰጥሽ ነበር።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ሊያስተምረው ይችላል? አዎ። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ባለጉዳይ ሆኖ የሚተውን አንድ ሰው፣ ተቀምጦ የሚያይ አንድ መምህር ይበቃል። ዋናው ደግሞ ካበቃ በኋላ "እዚህ ጋ ለምን አቋረጥሽው?" ብሎ የሚጠይቅ መኖሩ ነው።

መምህር ነኝ

እኔ የሕግ መምህር ነኝ። የጀማሪዋን ጽሑፍ ሳነብ በጣም ነው የተሰማኝ። እውነቷን ነው፤ ፍሬ ነገሩን አዘጋጅተን የምንሰጠው እኛ ነን። ይህ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ሰበብ ለመስጠት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1870 ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆነ። ከዚያ በፊት በአሜሪካ አብዛኛው ሰው ሕግ የሚማረው ጠበቃ ቢሮ ገብቶ፣ ሰነድ እየገለበጠ ነበር። ላንግዴል ሕግ ሳይንስ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቤተ ሙከራው ነው ብሎ ያምን ነበር። ተማሪው የይግባኝ ፍርዶችን እያነበበ፣ መምህሩ በጥያቄ እያፋጠጠው እንዲማር አደረገ። ዘዴው ጭንቅላት ይስላል። ነገር ግን የይግባኝ ፍርድ ላይ ያለው ፍሬ ነገር ተጣርቶ ያለቀ ነው። ወረቀቱን ሌላ ሰው አገላብጦልሃል ማለት ነው። እንደ እኛ ሕጉ በአንቀጽ ተደርጎ በአንድ መጽሐፍ (ኮድ) በተጻፈባቸው አገሮች የምናስተምረውም ከዚህ አይሻልም፤ አንቀጹን እንተነትናለን፣ ምሳሌውን ራሳችን እንፈጥራለን።

በ1933 ጀሮም ፍራንክ የሚባል ሰው፣ በኋላ የይግባኝ ዳኛ የሆነ፣ የሕክምና ተማሪ በሽተኛ እያየ እንደሚማር የሕግ ተማሪም ባለጉዳይ እያየ ይማር ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ብዙ ቆይቶ ነው ሥር የያዘው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ ሲገባ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሕግ ክሊኒክ ከፈቱ፤ ተማሪዎች በመምህር ክትትል እውነተኛ ባለጉዳይ የሚረዱበት ማለት ነው። በ2007 የካርኔጊ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናትም ትምህርት ቤቶቹ እንደ ሕግ ባለሙያ ማሰብን በደንብ ያስተምራሉ፣ ሥራውንና የሙያውን ኃላፊነት ግን ችላ ብለዋል የሚል ነው ሐሳቡ። አሁን እዚያ ተማሪው ቢያንስ 6 ክሬዲት በተግባር ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው።

ሌሎች አገሮች ሸክሙን ከትምህርት ቤቱ ውጭ አስቀምጠውታል። ጀርመን ተማሪው የመጀመሪያውን የመንግሥት ፈተና ካለፈ በኋላ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት፣ በዓቃቤ ሕግ፣ በአስተዳደር መሥሪያ ቤትና በጠበቃ ቢሮ እየተዘዋወረ ይሠራል። ከዚያ ነው ሁለተኛው ፈተና። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ለሶሊሲተርነት፣ ማለትም ለአንድ የጠበቃ ዓይነት፣ አዲስ ፈተና አምጥተዋል። ከፈተናው ጋር የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ተማሪ ሆነህ በክሊኒክ የሠራኸውም ሊቆጠርልህ ይችላል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ክሊኒክ ጨዋታ አይደለም ማለት ነውና።

ታዲያ እኛ ለምን አናደርገውም? እውነቱን ልናገር። አንድ መምህር አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሞ ስለ ይርጋ ማስተማር ይችላል። ክሊኒክ ላይ ግን ከስምንት፣ ከአሥር ተማሪ በላይ በቅጡ መከታተል አይቻልም፤ ከጀርባቸው እውነተኛ ሰው አለ። የመምህሩ ዕድገት ደግሞ የሚታየው ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ክሊኒክ ላይ ያመሸበትን ሰዓት ማንም አይቆጥርለትም።

ቢሆንም ባለኝ ነገር አንድ ሙከራ ጀምሬያለሁ። ለአንድ የውል ሕግ ፈተና የጽሑፍ ጥያቄ ማውጣቱን ተውኩ። በፖስታ አሥራ አንድ ወረቀት ሰጠኋቸው። ሁለት የማይጣጣሙ ደብዳቤዎች፣ የደበዘዘ ደረሰኝ፣ ቀን የሌለው ማስታወሻ፣ አንድ ምንም የማይመለከት ሂሳብ። "መምህር፣ ጥያቄው የታለ?" አሉኝ። ጥያቄውን እናንተ አምጡት አልኳቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ኮሽታ ብቻ ነበር። ሁልጊዜ ቀዳሚ የሆኑ ሁለት ልጆች ተቸገሩ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ አፉን የማይከፍት አንድ ልጅ ግን ደረሰኙን ወደ መስኮት አንስቶ ብርሃን ላይ አየው። ቁጥሩ ላይ ተደርቦ መጻፉን ያየው እሱ ብቻ ነው።

የጀማሪዋን ወረቀት ደግሞ ከፈቀደችልኝ በሚቀጥለው ፖስታ ውስጥ አስገባዋለሁ። ጀርባው ላይ ተጽፎበት።

አራተኛ ዓመት

ይቅርታ በመሐል ልግባ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ክሊኒክና ምስለ ችሎት (ችሎት አስመስለን የምንከራከርበት ውድድር) በአንድ ሰዓት ስለሚውሉ አንዱን መምረጥ አለብኝ። ሁሉም ሰው ምስለ ችሎት ግባ፣ ሲቪ ላይ ያምራል ይለኛል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?

አስራ አራት ዓመት በጥብቅና

ወንድሜ፣ ምስለ ችሎትን አታናንቅ። እኔ ተወዳድሬበታለሁ። ዳኛ ንግግርህን አቋርጦ ሲጠይቅህ ሳትደናገጥ መልሰህ ወደ ክርክርህ መመለስን የሚያክል ትምህርት የለም። ሌሊቱን ሙሉ አንድ አንቀጽ ላይ ማደርንም እዚያ ነው የምትለምደው። ግን ትልቁን ዓለም አቀፍ የምስለ ችሎት ውድድር፣ ጄሳፕን እንኳ ብታይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ያለ ነው፣ ተከራካሪዎቹ በፍሬ ነገሩ ላይ ተስማምተው የጻፉት ሰነድ ታትሞ ይሰጥሃል። አንተ የምትከራከረው ሕጉ ላይ ብቻ ነው። ጀማሪዋ የተቸገረችው ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ነገር ነው።

አንድ ብቻ ምረጥ ካልከኝ ክሊኒክ ግባ። ግን አስቀድመህ አንድ ነገር አጣራ። ባለጉዳይ ስታነጋግር መምህር አጠገብህ ይቀመጣል? ወይስ ተማሪዎች ብቻቸውን ቅጽ ይሞላሉ? ሁለተኛው ከሆነ ምስለ ችሎቱ ይሻልሃል፤ የሚያርምህ ሳይኖር መደጋገም ስህተቱን ማጥበቅ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ዳኛ

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከወንበሩ ሆኖ የሚታየውን ልጨምር።

ጀማሪ ጠበቃ ችሎት ሲቆም ማመልከቻውን ያነብልኛል። እኔ ማመልከቻውን አንብቤዋለሁ። "ምን እንዲወሰንልዎ ነው የሚጠይቁት?" ስለው ወረቀት ያገላብጣል። ሦስት ገጽ ሕግ ተጽፎ ዳኝነት የተጠየቀበት አንድ መስመር ግን ግልጽ ያልሆነ ስንት መዝገብ አይቻለሁ። እኔ ያልተጠየቅኩትን አልወስንም። ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ ከመጨረሻው ጀምሩ። የሚፈለገውን ውሳኔ እኔ የምጽፈው ይመስል ጻፉት። ከዚያ ወደ ላይ ውጡ።

ምስክር ላይም እንዲሁ ነው። ወጣቶቹ መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠይቁ የሚፈልጉትን መልስ ካገኙ በኋላ አይቆሙም። አንድ ወጣት ምስክሯ ያን ቀን በቦታው እንዳልነበረች አሳመናት። እዚያ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። "ታዲያ እንዴት አወቅሽ?" አላት። እሷም እንዴት እንዳወቀች በደንብ አድርጋ አስረዳችን።

ለትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ብጠይቅ ተማሪዎቹን አንድ ሙሉ ጠዋት አንድ ተራ ችሎት ውስጥ አስቀምጡልኝ እላለሁ። ስም ያለው ትልቅ ጉዳይ አይሁን። ከመጀመሪያው መዝገብ እስከ መጨረሻው ይቀመጡ። ቀጠሮ ለምን እንደሚለወጥ፣ ሰነዱ ሳይያያዝ የመጣ ሰው ምን እንደሚሆን፣ ጠበቃ የሌለው ሰው የተነገረውን ሳይገባው እንዴት እጅ ነስቶ እንደሚወጣ ያያሉ። ይህን ያየ ልጅ ወረቀት ሲሰጠው ዝም ብሎ አያልፈውም።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቹን ለአንጋፋውም አሳየኋቸው። ክቡር ዳኛ፣ ከመጨረሻው መጀመር ያሉትን ሁለት ማመልከቻ ላይ ሞክሬዋለሁ። አንደኛው ላይ ምን እንደምንጠይቅ እኔም እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። መምህር፣ ወረቀቱን በደስታ ይጠቀሙበት፤ ዝርዝሩ የተቀየረ ስለሆነ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

የሽማግሌው ክስ ገብቷል። ይርጋው መነሳቱ አይቀርም፤ የጀርባው ጽሑፍ ላይ ያለውን ፊርማም ሊክዱት ይችላሉ። ሲፈርም የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎችን ስም አግኝተናል። ይህንንም የነገሩን ዝም ብዬ ሳዳምጣቸው ነው።

ትናንት ደግሞ አንዲት ሴት መጡ፤ ያልተከፈለ የሥራ ዋጋ ነው ጉዳዩ። አንጋፋው ጥግ ላይ ተቀምጠው እኔ እንዳነጋግር ፈቀዱልኝ። እስክሪብቶዬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ካልሆነ እጄ አያርፍም። ሁለት ጊዜ ላቋርጣቸው ስል ራሴን ያዝኩ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ፊትና ጀርባ። ጀርባቸው ባዶ ነው፤ ቢሆንም ኮፒ አደረግኩት። ሁሉም የሚያስኬድ ይመስላል። ልጨርስ ስል ያቺ ጥያቄ ትዝ አለችኝ።

"አሠሪዎ አሁን እዚህ ቢቀመጥ ምን ይለኛል?"

ቦርሳቸውን ዘጉ፣ ከፈቱ። ብዙ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

"ግማሹን ከፍያታለሁ ይላል" አሉኝ። "እውነቱን ነው።"

መሳቢያውን ከፍቼ እስክሪብቶዬን አወጣሁና መቼ እንደተከፈላቸው ጠየቅኳቸው።